ብር የወደቀ ሰሞን

ዛሬ ሥራዬን የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመን ልጆቼ ቀድመውኝ «የገበያ ተንታኝ ናት» ይላሉ። ወርቁንም፣ ብሩንም፣ አክሲዮኑንም እከታተላለሁና አልዋሹም። ያኔ ግን ሥራው ስም አልነበረውም። ናዝሬት፣ ከገበያው ጀርባ፣ በአንድ አንጥረኛ ሱቅ ውስጥ ሚዛን የምትይዝ ሴት ነበርኩ። ሰው ወርቁን አስመዝኖ፣ የድሮ ጠገራ ብሩን አስቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ወደኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ልሽጥ ወይስ ልያዝ?» ይለኛል። እኔም የማውቀውን እነግረዋለሁ። በቃ፣ ሙያዬ ይኸው ነበር።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ፊደል ቆጥሬ፣ ማባዛትና ማካፈል ላይ ስደርስ ከእናቴ ጋር ሽንኩርት መነገድ ጀመርኩ። ከመቂና ከዓለም ጤና በጭነት መኪና እያመጣን ናዝሬት እንቸረችር ነበር። ዩኒቨርሲቲዬ እሱ ነው ብዬ ብናገር ሰው ይስቃል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። እናቴ ሽንኩርቱን አታይም፣ ሰውን ነበር የምታየው። «አስተማሪውም፣ ቄሱም፣ ፀጉር ቆራጩም ሽንኩርት ልትከል ሲል ከሰማሽ፣ ያን ዓመት ሽንኩርት ለከብት ይሰጣል» ትለኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ቆጥቦ ከአንድ ፋብሪካ አክሲዮን ገዝቶ ነበር። ፋብሪካው ሲወረስ አክሲዮኑም አብሮ ቀረ። አባቴ ግን ነገሩ አልገባውም ወይም እንዲገባው አልፈለገም። እስኪሞት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ «ዛሬ ስንት ገብቶ ይሆን?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። እንደሱ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ አንጀቴ አይችልም።

አንጥረኛው ከመንዝ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ወናፋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ቀኑን ሙሉ ቢውሉ ከሰላምታ ሌላ ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው። የማወራው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው እትዬ ከጓዳ ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ወናፍ ላይ ቢተክሉልሽ ወርቁ ይቀልጥ ነበር» ይሉኛል።

ጋሼ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ነበራቸው። ቀን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ሲቀዘቅዝ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን የድምፅ ማጉያው ጨርቅ ላይ ለጥፌ የውጭ ጣቢያ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛውን የጀመርኩት ከቁጥሩ ነው። መጀመሪያ «ጎልድ» እና «ሲልቨር» የሚሉትን ለየሁ፤ ከዚያ ከኋላቸው የሚከተለውን ቁጥር፤ ከዚያ ጨመረ ቀነሰ የሚለውን። አገሩን ማን ገዛው፣ ጦርነቱ የት ደረሰ የሚለውን ገና ሳልረዳ የወርቅን ዋጋ እረዳ ነበር። የሰማሁትን በጠመኔ በሱቁ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ነጥብ አደርገዋለሁ፣ ነጥቦቹን በመስመር አያይዛቸዋለሁ። በሩ ሲከፈት ወደ ግድግዳው ስለሚዞር ከውጭ የሚገባ ሰው አያየውም።

በሰባዎቹ መግቢያ ላይ ያ መስመር አበደ። ወርቁም ወጣ፤ ብሩ ግን ከወርቁ ብሶ ወጣ። ከቆቃ፣ ከቡልቡላ፣ ከአርሲ በኩል ሴቶች ከአያቶቻቸው የወረሱትን ጠገራ በመቀነታቸው ቋጥረው መምጣት ጀመሩ። ጠገራው ከኛ ሱቅ ወጥቶ በየት በየት ባሕር ማዶ እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እኔ ለሴቶቹ «ቆዩ፣ ገና ነው» እላቸዋለሁ። የቆየችው በሚቀጥለው ወር ስትመጣ የተሻለ ታገኛለች፤ ከዚያ ወሬው ይዛመታል። «ናዝሬት አንዲት ጠንቋይ አለች፣ ዶሮ አትጠይቅም» ይሉኝ ጀመር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ጋሼ በሩን ሲዘጉ መስመሩን አዩት።

«ይሄ የምን ሐረግ ነው?» አሉኝ።

የብር ዋጋ መሆኑን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ከታች እስከ ላይ ተከተሉት። «ሐረግ የሚወጣው ዛፉን ይዞ ነው። ዛፉ ሲያልቅስ?» ብለው ሄዱ።

እኔም ሰሞኑን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። የእናቴን ፀጉር ቆራጭ አየሁት ማለት ነው። ጠጅ ቤት ያለው ሰው ስለ ጠገራ ያወራል፤ የጎማ ቤቱ ሠራተኛ ጠገራ ያፈላልጋል፤ ጠገራ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ ብር፣ ብር ይላል። እንግዲህ የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ ላይገኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምክሬን ገለበጥኩት።

በዚያው ሳምንት አንዲት የዓለም ጤና ሽንኩርት ነጋዴ መጣች። እናቴን ታውቃት ስለነበር እንደ እህት ነበር የምንተያየው። ያመጣት የልጇ ጉትቻ ነው፤ ተሰብሮ ነበር። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ስለ ብር ያወራሉ። እሷ ሽንኩርቷን ጥሩ ሸጣ ነበርና ፊቷ በርቷል። አንገቷ ላይ የጠገራ ድሪ አለ፤ ወገቧ ላይ መቀነቷ በገንዘብ አብጧል። ወሬውን ስትሰማ ቆየችና «አንቺ ልጅ፣ እኔስ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

እኔ አንገቷን እያየሁ መለስኩላት። «ብር ሊወድቅ ነው እቴ። አትያዢው። ዛሬ ነገ ሳትዪ ልቀቂው።»

እሷ እጇን መቀነቷ ላይ አድርጋ ኖሯል። አላየሁትም። አይቼው ቢሆን እንኳ ልብ አልለውም ነበር።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን ዓለም ጤና ላይ ወሬ ተነሳ። አንዳንዱ ነጋዴ እህሉን መልሶ ጫነ። አንዳንዱ ገንዘብ የያዘ ሰው በግ፣ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ያገኘውን ሁሉ ሳይከራከር ይገዛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የድሮው ወረቀት በአዲስ ሲለወጥ ያልደረሰበት ገጠሬ ቋጠሮው ከንቱ ሆኖበት እንደነበር ማንም አልረሳም። ወሬው መቂ ደረሰ፣ ከዚያም ወዲህ ተሻገረ። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። በዚያ ሰሞን እኔ ሚዛኔ ላይ ነበርኩ።

ከቀበሌ ሁለት ታጣቂዎችና አንድ ካድሬ መጡ። ካድሬው ከዝዋይ ማዶ የመጣ፣ ለጋ፣ ካኪው በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። ጮክ አላለም። ጋሼን ከወናፋቸው ሳያስነሳ ጠየቃቸው።

«ብር ሊወድቅ ነው ተብሏል፣ ከዚህ ሱቅ?»

ጋሼ ውሸት አያውቁም። ደግሞም ምን እንደሚዋሹ አልገባቸውም። «አዎ፣ ይወድቃል» አሉ። «ጀምሮታል እኮ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ገበያው ነዋ። ይህን ያህል የወጣ ነገር መቼም መውረዱ አይቀርም።»

ታጣቂዎቹ ተያዩ። ካድሬው ራሱ የተገረመ ይመስለኛል፤ እንዲህ በግልጽ የሚያምን ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ጋሼን ክንዳቸውን ይዘው ሲያስነሷቸው ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ምንም አልተናገሩም አልኩ። አንደኛው ታጣቂ ሳቀ። «አንቺ ስለ አገር ገንዘብ ምን ታውቂያለሽ? ቢያስተምሩሽ ነው» አለኝና ገፋ አደረገኝ። ያን ጊዜም «የአገር ገንዘብ» ያለው ጆሮዬ ውስጥ አልገባም። የጠገራ ንግዱ ታውቆብን ነው ብዬ ደነገጥኩ እንጂ።

ስንቅ የምወስደው እኔ ነበርኩ። እትዬ ጉልበታቸው አይችልም። ሳህኑ ተበልቶበት ሲመለስ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ያልተነካ ሲመለስ እትዬ ይዘውት ይቀመጣሉ፣ አያጥቡትም። እስረኞቹን ወደ አዲስ አበባ ሊያሻግሯቸው ነው የሚል ወሬ ነበር። ወደዚያ ከተሻገሩ በኋላ ስንቅ የት እንደሚወሰድ የሚያውቅ የለም። በር ላይ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ የጋሼ ክስ የኢኮኖሚ አሻጥር መሆኑን ነገረችኝ፤ ዓለም ጤና ላይ ገበያ አስበጥብጠዋል ተብሏል አለችኝ። ጋሼ ዓለም ጤና ከሄዱ ስንት ዘመናቸው!

በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ሽንኩርት ነጋዴዋን ቤቷ አገኘኋት። ግቢዋ ውስጥ ለመቆሚያ ቦታ የለም፣ በግ በበግ ላይ ነው። አንዱ በግ ማድጋውን ገልብጦ ይጠጣል።

«ይኸውልሽ» አለችኝ፣ ስታየኝ እንባዋ መጣ። «ያልሽኝን አደረግሁ። የሽንኩርቴ ዋጋ በሙሉ እየጮኸ ሳር ይበላል።»

ምን ብዬ እንደነገርኳት ጠየቅኳት። ለጎረቤቶቿ በኦሮምኛ እንዴት እንዳለችው ደገመችልኝ፦ «ቀርሺን ኒ ኩፋ።»

ቀርሺ። ገንዘብ ይወድቃል ማለቷ ነው። በኦሮምኛ ወረቀቱ ገንዘብ ቀርሺ ነው፤ ጠገራው የሚሠራበት ብር ደግሞ ሜቲ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። በአማርኛ ግን ሁለቱንም ብር እንላለን። ያንን ሁሉ ቀን ሱቅ ውስጥ ብር፣ ብር ስንል ማናችንም ሌላ ነገር ሊሰማ ይችላል ብለን አላሰብንም።

«እኔ ያልኩሽ እኮ አንገትሽ ላይ ያለውን ነው» አልኳት።

እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ድሪዋ አነሳች። ከዚያ በጎቹን አየች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ ከውስጧ ወጣ። ስሟን ለማንም እንደማልጠራ ምዬላት ተመለስኩ።

ሁሉንም ለእትዬ ነገርኳቸው። ቃሉን መፍታት ቀላል ነበር። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ወረቀቱን ሳይሆን ብረቱን ነው ያልኩት ብል ከገበያ ማስበጥበጡ እናመልጣለን፤ ግን የብረቱን ዋጋ ከየት ሰማሽ ይሉኛል፣ ያውም ሬዲዮው ጓዳችን ውስጥ ነው። ብረቱስ ከዚህ ሱቅ ወጥቶ የት ይሄዳል ይሉኛል። ከአንዱ ጉድጓድ ስናወጣቸው ሌላው ውስጥ ልንከታቸው ነው። እትዬ ተነሱና ሬዲዮውን በጨርቅ ጠቅልለው ጤፍ ማዳበሪያ ውስጥ ቀበሩት። «ስለ ዋጋው ሲጠይቁሽ እናትሽን አስቢ» አሉኝ።

ካድሬው ጠዋት ላይ ቢሮው አስገባኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ታጣቂዎች ዳማ ይጫወታሉ። ከጋሼ ጋር የምሠራ መሆኔንና ስለ ክሱ ቃል ልሰጥ መምጣቴን ተናገርኩ። ካድሬው ቀና ብሎም አላየኝም። ያን ጊዜ በኦሮምኛ ነገርኩት፤ ሜቲ ነው ያልኩት፣ ቀርሺ አላልኩም ብዬ።

ብዕሩን አስቀመጠ። ጭንቅላቱ ፈጣን ነበር፤ ላብራራለት አላስፈለገኝም። «አማርኛው ሁለቱንም ብር ነው የሚለው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ሽማግሌውም አዎ ያሉት ስለ ሜቲው ነው።»

«አዎ ጓድ።»

«ሜቲው እንደሚወድቅ በምን አወቃችሁ? ሬዲዮ ትሰማላችሁ?»

እናቴን አሰብኩ። ስለ ሽንኩርት ነገርኩት። ሁሉም ሰው ሊተክል ሲነሳ ምን እንደሚሆን፣ የጎማ ቤቱ ሠራተኛ ጠገራ ሲፈልግ ለምን እንደምንፈራ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ሙሉ አልነበረም እንጂ። ዓይን ዓይኔን እያየ ሰማኝ። ከዚያ ታጣቂዎቹን ዳማቸውን ይዘው ወደ ውጭ እንዲወጡ አዘዛቸውና በሩን ራሱ ዘጋው። አበቃልኝ አልኩ።

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ሆነ። «እናቴ ድሪ አላት» አለኝ። «የድሮ ነው፣ ከባድ ነው። ልሽጥላት ወይስ ትያዘው?»

እኔ እንደዚያ ቀን ጥያቄ ከብዶኝ አያውቅም። ያዝ ብለው ሲወድቅ ይመጣብኛል። ሽጥ ብለው ንግዱን በአፌ አመንኩ ማለት ነው። ገበያው የሚለውን ብቻ ልንገረው አልኩ።

«ይሽጡላት ጓድ። ዛሬ ነገ አይበሉ።»

«ለማን?»

«እዚህ ከተማ ጠገራ በትክክለኛ ዋጋው የሚገዙ አንድ ሰው ናቸው። እሳቸውም እናንተ ጋ ናቸው።»

ከውጭ የዳማው ጠጠር ድምፅ ይሰማል። «ብልጥ ሴት ነሽ» አለኝ በመጨረሻ። ብልጠት አልነበረም። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው።

ጋሼ ተፈቱ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፈው ነው የመጡት። እግራቸው ጫማ የሚገባበት አልነበረም። እትዬ ምንም ሳይጠይቁ ውሃ አሞቁ። ጋሼ ቆይተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ወረደ?»

ሬዲዮውን ከጤፉ አውጥቼ ሰምቼ ነበር። መውረድ ብቻ አይደለም፣ ተንኮታኩቷል። ነገርኳቸው።

ካድሬው ድሪውን በመሐረብ ቋጥሮ ሲመጣ ጋሼ ወናፋቸው አጠገብ ነበሩ፤ እግራቸውን ትራስ ላይ አድርገዋል። እኔ መዝኜ ክብደቱን ተናገርኩ። ጋሼ ዋጋውን ሊናገሩ ሲሉ ዓይናቸውን ፈለግሁ፤ አላዩኝም። ከመታሰራቸው በፊት የነበረውን፣ ሐረጉ ጫፍ ላይ በነበረበት ጊዜ የነበረውን ዋጋ ጠሩና ሳይከራከሩ ከፈሉ። ካድሬው አመሰገነ። የጋሼን እግር አየት አድርጎ «ይሻልዎታል» አለና ወጣ።

«ልጄ» አሉኝ ጋሼ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ። «ያልሽው ልክ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

«ከእንግዲህ ልክ አትሁኚ። ሰው ሲጠይቅሽ እንጃ በይ።»

እንጃ ማለት ተማርኩ። ሴቶቹ እየመጡ ሲጠይቁኝ፣ መልሱን እያወቅሁት፣ ሚዛኔን እየወለወልኩ እንጃ እላለሁ። አንዳንዷ ተቀይማኝ ትሄዳለች። ጋሼ ጠገራ መግዛት አቆሙ። የካድሬውን ድሪ ግን አላቀለጡትም፣ አልሸጡትምም፤ ዋጋው ከቀን ወደ ቀን ሲወርድ ከወናፉ በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። እትዬ ተናደው ስንት ጊዜ ጠየቁ፤ መልሳቸው «የድሪው ባለቤት ገና አልመጣም» ብቻ ነው። ካድሬው ተመልሶ ይወስደዋል ብለው ፈርተው መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት ባልቴት መጡ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነው፤ ከሩቅ ነው የመጡት። አማርኛ አይችሉም። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታውን ቤቱን ሁሉ አዳርሰው ከጨረሱ በኋላ ጠየቁን፦ «ሜቲን ኮ ኤሳ ጅርቲ?» ብሬ የት አለ?

ልጃቸው ናዝሬት ትልቅ ሰው መሆኑን ነገሩን። ድሪያቸው ጠቁሮ ስለነበር አስጠርጌ አመጣልሻለሁ ብሎ ከአንገታቸው ወስዶ፣ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን አይቀርም፣ ሳያመጣላቸው ወራት አለፉ። ስለዚህ አንጥረኛውን ራሳቸው እየጠየቁ መጡ። አንገታቸው ላይ ድሪው የነበረበት ቦታ ከሌላው ቆዳቸው ነጣ ብሎ ይታያል።

ልጅዎ ሸጦታል ማለት ነበረብኝ። እንዲሸጥ የነገርኩት እኔ ነኝ። ለማን እንደሚናገሩ፣ ምን እንደሚመጣ ሳስብ ሚዛኔን መወልወል ጀመርኩ። ጋሼ ግን የባልቴቷን አንገት አይተው ነበርና ለትርጉም አልጠበቁኝም። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ፣ ድሪውን ከምስማሩ አወረዱ፣ በሎሚና በአመድ ቁጭ ብለው አሹት። ጠገራዎቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ባልቴቷ እንደ ልጅ አዩዋቸው። ጋሼ በራሳቸው እጅ የባልቴቷ አንገት ላይ አሰሩላቸው።

ባልቴቷ መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩና የማስጠረጊያው ስንት እንደሆነ ጠየቁ።

«ልጅዎ ከፍሏል በያቸው» አሉኝ ጋሼ።

አልኳቸው። ያን ጊዜ ባልቴቷ እጃቸውን ዘርግተው ልጃቸውን መረቁት። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ክፉ አይንካህ፣ እጅህ ይባረክ፣ እግርህ እንቅፋት አያግኘው፣ ለእናትህ እንዳሰብክ እግዜር ያስብልህ። ጋሼ ምን እያሉ ነው ሲሉኝ እየተረጎምኩላቸው ነበር። እግሩ የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ የጋሼ እግር ላይ አረፈ፤ እሳቸው ግን ከዘራቸውን ይዘው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእያንዳንዱ ላይ አሜን አሉ።